የወንድ ውሻ የዘር ጥራትና ጠቋሚ ፕሮቲኖች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጠቋሚ ፕሮቲን የሚባለው ምንድን ነው?

የት እንደተሠራ የሚታወቅ ፕሮቲን ነው። ስፐርም የሚሠራው በዘር ፍሬ ውስጥ ነው። ከዚያ ከዘር ፍሬው ጋር ተጣብቆ በሚገኘው ኤፒዲዲሚስ በተባለው ረጅምና ጥምዝምዝ ቱቦ ውስጥ ሁለት ሳምንት ገደማ ቆይቶ ይበስላል፤ ሲረጭ ደግሞ ከፕሮስቴት ዕጢ ፈሳሽ ጋር ይደባለቃል። ሦስቱም ቦታዎች የየራሳቸውን ፕሮቲን ያክሉበታል። የአንደኛው ፕሮቲን ሲጎድል ወይም ከልኩ ሲያልፍ ችግሩ ከየትኛው ቦታ እንደተነሣ ፍንጭ ይገኛል። ስለዚህ ጠቋሚ ፕሮቲን በደንብ የሚመልሰው «ችግሩ የት ነው?» የሚለውን ጥያቄ ነው። «ይህ ውሻ ያስረግዛል ወይ?» ለሚለው ብቻውን መልስ የሚሰጥ ፕሮቲን እስካሁን አልተገኘም፤ አለ ብሎ ምርመራ የሚሸጥልዎት ካለ ይጠርጥሩ።

አንድ ነገር ከወዲሁ ይታወቅ። ወንድ ውሻ እንደ ሰው፣ እንደ ኮርማ ወይም እንደ ድንጉላ ፈረስ ሴሚናል ቬሲክል የተባለው ዕጢ የለውም፤ ያለው ፕሮስቴት ብቻ ነው ማለት ይቻላል። በሰው ሕክምና ቱቦ መደፈኑን ለማወቅ በዘር ፈሳሽ ውስጥ የፍሩክቶስ ስኳር ይፈለጋል፤ ያ ስኳር የሚመነጨው ከሴሚናል ቬሲክል ስለሆነ ለውሻ ምንም አይፈይድም። ለሰው የተዘጋጀውን የላቦራቶሪ ቅጽ እንዳለ ለውሻ ማዋል ስሕተት የሚሆነው ለዚህ ነው።

በማይክሮስኮፕ ማየት አይበቃም?

ለአብዛኛው ውሻ ይበቃል፤ መጀመርም ያለበት ከዚያ ነው። ጤናማ ውሻ በአንድ ጊዜ ከ300 ሚሊዮን እስከ 2 ቢሊዮን ስፐርም ይሰጣል። ቁጥሩ ከሰውነት ክብደት ጋር ይሄዳል፤ ለእያንዳንዱ ኪሎ ወደ 22 ሚሊዮን ተብሎ ይሰላል። በዚህ ስሌት 30 ኪሎ የሚመዝን ውሻ 660 ሚሊዮን ገደማ ይጠበቅበታል። ወደፊት የሚዋኙት 70 በመቶና ከዚያ በላይ፣ ቅርጻቸው የተስተካከለውም እንደዚሁ ከ70 በመቶ በላይ ሊሆኑ ይገባል። ትክክለኛ ቅርጽ ያላቸው ከ60 በመቶ ሲያንሱ የማስረገዝ አቅም ይወርዳል።

ብዙ ጊዜ «ስፐርሙ አይንቀሳቀስም» የሚባለው ስላይዱ ቀዝቃዛ ስለነበረ ነው። ስላይዱም፣ መሸፈኛ መስታወቱም፣ ፒፔቱም 37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ይሙቁ። ዕቃው በውኃ ታጥቦ ካልደረቀ ጠብታዋ ብቻ ስፐርሙን አሳብጣ ጭራውን ትጠቀልለዋለች። የላቴክስ ጓንትና የላቴክስ መቀበያም ስፐርም ይጎዳሉ።

ፕሮቲን መለካት ትርጉም የሚኖረው በሦስት ሁኔታ ነው፦ በፈሳሹ ውስጥ ስፐርም ሲጠፋ፣ የፕሮስቴት ሕመም ሲጠረጠር፣ አለዚያም ቁጥሩም ቅርጹም እንቅስቃሴውም ደኅና ሆኖ ሴቶቹ አላረግዝ ሲሉ። በሦስተኛው ሁኔታ ወንዱን ከመውቀስ በፊት የሴቷን ፕሮጄስትሮን የተባለ ሆርሞን መጠን ይጠይቁ። በደሟ ውስጥ በአንድ ሚሊ ሊትር 5 ናኖግራም አካባቢ ሲደርስ እንቁላሏ ይለቀቃል፤ እንቁላሉ ለመፀነስ የሚበቃው ግን ከዚያ ሁለት ቀን ቆይቶ ነው። ደም ካየች በኋላ ቀን እየቆጠሩ ብቻ ማገናኘት ጥሩውን ውሻ መካን ያስብላል።

ውሻዬ «ስፐርም የለውም» ተባለ። ቀጥሎ ምን ይደረግ?

የመጀመሪያው ምርመራ አልካላይን ፎስፋታዝ የተባለው ኢንዛይም ነው፤ በላቦራቶሪ ቋንቋ ኤኤልፒ። ብዙ ሰው የሚያውቀው በደም ውስጥ የጉበትና የአጥንት ምርመራ ሆኖ ነው። በውሻ የዘር ፈሳሽ ውስጥ ግን ከኤፒዲዲሚስ የሚመጣ ሲሆን መጠኑ ከደሙ እጅግ ይበልጣል፤ የጤነኛ ውሻ ደም በሊትር ከ200 ዩኒት ብዙም ሳያልፍ የዘር ፈሳሹ በአሥር ሺዎች ሊቆጠር ይችላል።

ንባቡ እንዲህ ነው። ስፐርም የሌለበት ፈሳሽ ኤኤልፒው በሊትር ከ5,000 ዩኒት በላይ ከሆነ የኤፒዲዲሚሱ ፈሳሽ ወጥቷል፤ ቢያንስ የአንዱ ወገን ቱቦ ክፍት ነው። ስለዚህ ጥርጣሬው ስፐርሙን ወደሚሠራው ወደ ዘር ፍሬው ይዞራል። ከ5,000 በታች ከሆነ፣ በተለይም ከ2,000 ሲወርድ፣ ወይ ውሻው ዘሩን ጨርሶ አልሰጠም፣ ወይ በሁለቱም ወገን ቱቦው ተደፍኗል።

እዚህ ላይ የሚሳሳቱ ብዙዎች ናቸው። ዝቅተኛ ቁጥር ያዩና «ተደፍኗል» ብለው ይፈርዳሉ። ከመደፈን ይልቅ የሚያጋጥመው ያልተሟላ አወጣጥ ነው፤ ውሻው ፈርቷል፣ ወለሉ ያንሸራትታል፣ ባለቤቱ አጠገቡ ቆሞ ይቆጣዋል። መጀመሪያ የምትወጣውን ጥርት ያለች ፈሳሽ ብቻ ሰጥቶ ያቆማል። ስለዚህ በሌላ ቀን፣ ሂት ላይ ያለች ሴት ውሻ ቀርባለት፣ በማያንሸራትት ምንጣፍ ላይ ይደገም። በሁለተኛውም ኤኤልፒው ከወረደ የዘር ፍሬውንና ኤፒዲዲሚሱን በአልትራሳውንድ ማየት ይገባል። ዘሩ ወደ ፊኛ ተመልሶ እንደሆነም ናሙናው እንደተወሰደ ሽንቱን ወስዶ በሴንትሪፊውጅ አዙሮ ዝቃጩን በማይክሮስኮፕ ማየት ያሳውቃል።

ከፍ ያለ ኤኤልፒም ሁሉንም ነገር አይዘጋም። ድፍኑ ከኤፒዲዲሚሱ በላይ፣ ማለት ከዘር ፍሬው መውጫ ላይ ከሆነ፣ ኤፒዲዲሚሱ ኢንዛይሙን ማፍሰሱን ስለማይተው ቁጥሩ ደኅና ይመስላል።

ይህን በተራ የደም ኬሚስትሪ ማሽን መለካት ይቻላል?

ይቻላል፤ የዚህ ምርመራ ትልቁ ጥቅምም ይኸው ነው። ለየት ያለ ኪት አያስፈልገውም፤ የደም ኤኤልፒ የሚሠራ ማንኛውም ላቦራቶሪ ሊሠራው ይችላል። ነገር ግን ፈሳሹ ሳይቀጠን ከገባ ማሽኑ ይሳሳታል። ኢንዛይሙ ብዙ ስለሆነ ሪኤጀንቱን (ማሽኑ ለመለኪያ የሚጨምረውን ኬሚካል) ገና ንባቡ ሳይጀመር ይጨርሰውና የሚታተመው ቁጥር ከእውነተኛው በጣም ያነሰ ሊሆን ይችላል። 23,000 ያለው ፈሳሽ 900 ተብሎ ቢወጣ «ቱቦው ተደፍኗል» የሚል የሐሰት ፍርድ ይከተላል።

አሠራሩ ይህ ነው፦ ስፐርሙ በሴንትሪፊውጅ ከተለየ በኋላ ከላይ ካለው ጥርት ያለ ፈሳሽ 50 ማይክሮ ሊትር ወስደው በ950 ማይክሮ ሊትር ኖርማል ሳላይን ይቀላቅሉ። ይህ 20 እጥፍ ቀጠነ ማለት ነው። ማሽኑ 1,150 ካነበበ በ20 ሲባዛ 23,000 ይሆናል። ቁጥሩ ከማሽኑ የመለኪያ ጣሪያ ካለፈ 100 እጥፍ አቅጥነው ይድገሙ። ሁለቱ ቅጥነቶች እያንዳንዳቸው በየእጥፋቸው ሲባዙ ተቀራራቢ መልስ ካልሰጡ አንደኛው ላይ ስሕተት አለ።

ናሙናው ቀዩን ክዳን ባለው፣ ምንም ባልተጨመረበት ቱቦ ይግባ። ለደም ቆጠራ የሚውለው ባለሐምራዊ ክዳን ቱቦ ኢዲቲኤ አለበት፤ ኢዲቲኤ ኢንዛይሙ የሚሠራባቸውን ዚንክና ማግኒዥየም ይነጥቀዋል፤ ሲትሬትም እንደዚሁ። ስለዚህ እነዚህ ሊኖሩበት የሚችል ማቆያ ፈሳሽ (ዘሩ እንዳይበላሽ የሚጨመረው) ከገባበት ዘር ላይ ኤኤልፒ አይለካም።

የፈሳሹም መጠን ይመዝገብ። 2 ሚሊ ሊትር ዘር በ20 ሚሊ ሊትር የፕሮስቴት ፈሳሽ ከቀጠነ ቁጥሩ ያለ ምንም ሕመም ይወርዳል።

ሲፒኤስኢ የሚባለው የደም ምርመራስ ምን ይነግረናል?

ሲፒኤስኢ የውሻ ፕሮስቴት ዋና ፕሮቲን ነው፤ ሙሉ ስሙ የውሻ ፕሮስቴት አርጂኒን ኢስተሬዝ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በካናዳ ኩቤክ የነበሩ ተመራማሪዎች በደንብ ያጠኑት ሲሆን በውሻ የዘር ፈሳሽ ውስጥ ካለው ፕሮቲን ከ90 በመቶ በላዩ እሱ ነው። በወንዶች የፕሮስቴት ምርመራ ላይ ለሚታወቀው ፒኤስኤ የቅርብ ዘመዱ ነው፤ የሚመነጨውም በወንዴ ሆርሞን ትእዛዝ ነው። ፕሮስቴቱ ሲያብጥ ከፈሳሹ አልፎ ወደ ደም በብዛት ይገባል።

በሰፊው የሚሠራበት መለያ በአንድ ሚሊ ሊትር ሴረም (ደም ከረጋ በኋላ የሚለየው ጥርት ያለ ፈሳሽ) 61 ናኖግራም ነው። ከዚያ በላይ የሆነ ውሻ ፕሮስቴቱ በአልትራሳውንድ ይታይ። ይሁን እንጂ የየኪቱ መለያ ቁጥር ይለያያልና ሁልጊዜ ናሙናውን የሠራው ላቦራቶሪ የሰጠውን ይከተሉ። በአንዱ ቤተ ሙከራ 55 የወጣውን በሌላው 70 ከወጣው ጋር አነጻጽሮ «ጨመረ» ማለት አይቻልም።

ያልተኮላሹ ውሾች ዕድሜያቸው 5 እና 6 ዓመት ሲያልፍ አብዛኞቹ ፕሮስቴታቸው ያለ ካንሰር ይተልቃል። ምልክት የማያሳዩ ስለሚበዙ፣ ለዘር የሚያገለግል ውሻ ከ5 ዓመቱ ጀምሮ በዓመት አንድ ጊዜ ቢለካ ከዘሩ ጋር ደም ከመታየቱ በፊት ይደረስበታል። ምርመራው የማይለየው ደግሞ ሕመሙን ነው፤ ተራ ትልቀትንም ኢንፌክሽንንም በአንድ ቁጥር ያነባል። ካንሰርን ለማስቀረት ፈጽሞ አይታመንም፤ ካንሰር ያለበት ውሻ ዝቅተኛ ቁጥር ሊኖረው ይችላል።

በቅደም ተከተል ረገድ ደሙ አስቀድሞ ይቀዳ፤ ፕሮስቴቱን በጣት መዳሰስና ዘር መውሰድ በኋላ ይምጡ። ዕጢው ተነክቶ ወይም ተጨምቆ ያለፈ ናሙና ሁልጊዜ ክርክር ያስነሣል።

መድኃኒት እየወሰደ ከሆነ ውጤቱ ይለወጣል?

አዎ። ፊናስተራይድና ኦሳተሮን ፕሮስቴቱን ስለሚያሟሽሹ ሲፒኤስኢው ይወርዳል፤ ሕክምናው መሥራቱን ለመከታተልም ይጠቅማል። ፊናስተራይድ የፈሳሹን መጠን ይቀንሳል እንጂ የስፐርሙን ጥራት ብዙም አይነካም። ዴስሎረሊን የተባለው ከቆዳ ሥር የሚቀበረው ግን የስፐርም ሥራውን ራሱን ያቆማል። ከዚህ በፊት ተቀብሮለት እንደሆነ ያልጠየቀ ባለቤት ውሻው መካን ሆኖ ሲወጣበት መደንገጡ አይቀርም፤ ውሻ ሲገዙ ይህን ይጠይቁ።

ከስፐርም ጥራት ጋር የሚሄዱ ሌሎች ፕሮቲኖች አሉ ይባላል። እምነት ይጣልባቸዋል?

አሉ፤ ግን አብዛኞቹ ገና ከምርምር ቤት አልወጡም። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ የብራዚል ተመራማሪዎች ጥናት የ20 ውሾችን የዘር ፈሳሽ በጄል (ፕሮቲኖችን በኤሌክትሪክ እየገፉ እንደ ክብደታቸው በመስመር የሚለዩበት ዝልግልግ ንጣፍ) ላይ ለይቶ፣ 67 ኪሎዳልተን እና 58.6 ኪሎዳልተን (የፕሮቲን ክብደት መለኪያ ነው) የሚመዝኑ ሁለት መስመሮች በደመቁ ቁጥር የስፐርሙ እንቅስቃሴውም፣ ቅርጹም፣ የሽፋኑ ጤንነትም የተሻለ መሆኑን አሳይቷል። ከዚያ ወዲህ በተሻለ መሣሪያ ከ250 የሚበልጡ ፕሮቲኖች በውሻ የዘር ፈሳሽ ውስጥ ተለይተዋል፤ ላክቶፌሪን፣ ክለስተሪን፣ ከኤፒዲዲሚስ የሚመጣው ኤንፒሲ2፣ እንዲሁም ስፐርሙን ከኦክስጅን ጉዳት የሚከላከሉ ኢንዛይሞች ይገኙበታል።

ስለ 67ቱ መስመር አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። በደም ውስጥ በብዛት ያለው አልቡሚን 66 ኪሎዳልተን ገደማ ስለሚመዝን በጄሉ ላይ እዚያው ቦታ ላይ ይቆማል። ፕሮስቴቱ ታሞ ወይም ሲወሰድ ተላልጦ በዘሩ ውስጥ ትንሽ ደም ቢገባ መስመሩ ይደምቅና የታመመው ውሻ «ምርጥ» መስሎ ይወጣል። ቀላ ያለ ወይም ቡናማ መልክ ያለው ናሙና ለዚህ ሥራ አይውልም፤ ጥርት ያለውም ቢሆን በሽንት ስትሪፕ የደም ምልክት ይፈተሽ።

ሌላው ችግር የሲፒኤስኢ ብዛት ነው። ዘጠና በመቶውን የያዘ አንድ ፕሮቲን ጄሉን ያጥለቀልቀዋል። በፕሮቲን ውስጥ ያሉትን የሰልፈር ትስስሮች የሚያፈርስ ሪዱሲንግ ኤጀንት የተባለ ኬሚካል ሲጨመር ሲፒኤስኢው ለሁለት ይከፈልና በ15 ኪሎዳልተን አካባቢ ወፍራም ጥላሸት ይሠራል፤ ጥቂት የሆኑት ጎረቤቶቹ አይታዩም። ለተሻለ እይታ በአንድ ጉድጓድ ከ15 እስከ 20 ማይክሮግራም ፕሮቲን በ12 በመቶ ጄል ላይ ይጫን፤ ከዚያ በላይ መጫን የሚያጎላው ራሱን ሲፒኤስኢውን ነው።

ፕሮ-አካፕ4 ምንድን ነው?

ይህ ደግሞ ከፈሳሹ ሳይሆን ከስፐርሙ ራሱ የሚለካ ነው። የስፐርሙን ጭራ የሚያለብሰው ሽፋን ዋና ግንቡ አካፕ4 የተባለ ፕሮቲን ነው፤ ፕሮ-አካፕ4 ጥሬው ነው፣ ተቆርጦ አካፕ4 ይወጣዋል። ዘረመሉ የጠፋባቸው ወንድ አይጦች ስፐርማቸው አይዋኝም፤ መካን ናቸው። ጥሬው ብዙ የቀረለት ስፐርም ለረጅም ጊዜ የሚዋኝበት ስንቅ አለው ተብሎ ይታሰባል። ስለዚህ ፍላጎቱ ያለው በተለይ ከቀዘቀዘና ከቀለጠ ዘር ላይ ነው፤ ገና ሲቀልጥ ጥሩ የሚዋኘው ከሰዓታት በኋላ ይቆም እንደሆነ ማይክሮስኮፕ በዚያች ደቂቃ አያሳይምና።

ሲለካ ስፐርሙ ተቆጥሮ እኩል ቁጥር መወሰድ አለበት። ሳይቆጠር የተላከ ናሙና የሚለካው የስፐርሙን ጥራት ሳይሆን ብዛቱን ነው።

ለፕሮቲን ምርመራ ናሙናው እንዴት ይዘጋጅ?

ውሻ ዘሩን በሦስት ክፍል ነው የሚሰጠው፤ ጥርት ያለች ጥቂት ፈሳሽ፣ ወተት የሚመስል ስፐርም ያለበት፣ ከዚያ እስከ 30 ሚሊ ሊትርና ከዚያም በላይ የሚደርስ ጥርት ያለ የፕሮስቴት ፈሳሽ። ሦስት ቱቦ ይዘጋጅ፤ መልኩ ሲለወጥ ቱቦው ይለወጥ። ለማርገዣ የሚፈለገው መሐለኛው ነው፤ ለፕሮስቴት ምርመራ ደግሞ ሦስተኛው።

ቱቦዎቹ ወዲያው በረዶ ላይ ይቀመጡ፤ በመጀመሪያ ግን ለማይክሮስኮፕ የምትበቃው ጠብታ ሳትቀዘቅዝ ትወሰድ። የሚያጣድፈን ሲፒኤስኢ ራሱ ፕሮቲን ቆራጭ ስለሆነ ነው፤ ክፍል ሙቀት ላይ ከዋለ ጎረቤቶቹን እየከታተፈ ጄሉ ላይ ያልነበሩ መስመሮች ይፈጥራል። የፕሮቲን ቆራጭ ማገጃ የሚጨመረውም ለዚህ ነው። ያው ናሙና ለኤኤልፒም የሚውል ከሆነ ኢዲቲኤ የሌለበት ማገጃ ይመረጥ፤ የሲፒኤስኢን የመቁረጥ ኃይል መለካት ከተፈለገ ደግሞ ማገጃ ጨርሶ አይግባ።

በመጀመሪያ በሴንትሪፊውጅ በ800 ጂ (የምድር ስበት 800 እጥፍ ኃይል) ለ10 ደቂቃ ይዞር፤ ስፐርሙ ይዘቅጣል። ብዙ ማሽን የሚጻፍበት በጂ ሳይሆን በደቂቃ ዙር ነው፤ ከመሐል እስከ ቱቦው ጫፍ 10 ሴንቲ ሜትር በሆነ ማሽን ላይ 2,700 ዙር ገደማ 800 ጂ ይሰጣል፤ ሌላ ስፋት ያለው ላይ ግን ያው ዙር ሌላ ኃይል ነው። ከላይ ያለው ፈሳሽ ወደ አዲስ ቱቦ ተገልብጦ በ10,000 ጂ፣ በ4 ዲግሪ፣ ለ30 ደቂቃ ይደገም። ሁለተኛው ዙር ካልተደረገ የተሰበረ ስፐርም ፍርስራሽ ይቀርና የስፐርሙ ፕሮቲን የፈሳሹ መስሎ ይቆጠራል። ከዚያ በ0.5 ሚሊ ሊትር ተከፋፍሎ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ላይ ይቀመጥ። ቀልጦ የተረፈው ተመልሶ አይቀዝቅዝ፤ የመከፋፈሉ ጥቅም እሱ ነው።

የእንቁላል አስኳል ያለበት ማቆያ የነካው ናሙና ለጄል አይላክ፤ የሚታየው የዶሮ ፕሮቲን ነው።

ውጤቱ መጥፎ ከሆነ መቼ ይደገም?

አንድ ስፐርም ተሠርቶ ለማለቅ 62 ቀን ገደማ፣ በኤፒዲዲሚስ ለመብሰል ሁለት ሳምንት ያህል ይፈልጋል። ስለዚህ ትኩሳት ያለፈበት፣ መድኃኒት የጨረሰ ወይም የታከመ ውሻ ከ75 ቀን በፊት ቢመረመር የሚታየው የድሮው ጉዳት ነው። ለረጅም ጊዜ ሳይገናኝ የቆየ ውሻ ግን ሌላ ነው፤ የመጀመሪያው ዘሩ ያረጀና የሞተ ስፐርም ስለሚበዛበት በጥቂት ቀናት ውስጥ ሁለተኛ ናሙና ቢወሰድ ውጤቱ ይሻሻላል።

እነዚህ ምርመራዎች ብሩሴላን ያሳያሉ?

አያሳዩም። ብሩሴላ ካኒስ የተባለው ባክቴሪያ ኤፒዲዲሚስን አቃጥሎ ስፐርሙን ያበላሻል፤ ሴቷን ያስወርዳታል፤ ወደ ሰውም ይተላለፋል። ለዘር የሚያገለግል ወንድም ሴትም ከመገናኘታቸው በፊት ለብቻው በሚሠራ የደም ምርመራ ይታዩ። ናሙና የሚወስድ ሰው ጓንት ያድርግ፤ ላቴክስ ያልሆነውን።

የገዛሁት ውሻ ተኮላሽቷል ተብሎ ነበር፤ ሴት ሲያይ ግን ያብዳል። በፕሮቲን ይታወቃል?

ይታወቃል። በደም ውስጥ ፀረ-ሙሌሪያን ሆርሞን ይለካ። ይህ ፕሮቲን የሚመነጨው በዘር ፍሬው ውስጥ ካሉት ሰርቶሊ ሕዋሶች ስለሆነ ሁለቱም የወጡለት ውሻ ደም ውስጥ አይገኝም። ከተገኘ አንዱ ወይም ሁለቱ በሆድ ውስጥ ወይም በብሽሽቱ ተደብቀው ቀርተዋል ማለት ነው። በሰውነት ሙቀት ውስጥ የቀረ የዘር ፍሬ ስፐርም አይሠራም፤ የወንዴ ሆርሞኑን ግን ይሠራል፤ ሴት ሲያይ የሚያብደውም ለዚህ ነው። ከወረደው ይልቅ ለዕጢ ካንሰር የተጋለጠ በመሆኑም በቀዶ ሕክምና ይወጣል። ቀዶ ሕክምናው በተደረገ ማግስት ግን አይለካ፤ ሆርሞኑ ከደም እስኪጠራ ጥቂት ሳምንታት ይሰጠው።